ብረት የመሰለ ቁርበት

ጥሩር ሠሪው ያጎሮ ጎረቤቴ ነበር። ቤቱ ከእኔ ቤት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ጅረቱ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነው። እኔ ከላይ ሐር አቀልማለሁ፤ እሱ ከታች የበሬ ቁርበት ይዘፈዝፋል። ሰማያዊ ያጠብኩ ቀን ቁርበቱ ዥንጉርጉር ሆኖ ይወጣበታል። "ሳዮ፣ ዛሬ ደግሞ በሬዬን ኩል ኳልሽው?" እያለ ከታች ይጮህልኛል። ያኔ ቀልድ ያውቅ ነበር።

ሚስቱ ሪኩ ትባላለች። የጦር ሜዳው ልብስ ጥሩር ሲባል ብረት ብቻ የሚመስለው ሰው ሞልቷል፤ ብረቱ ግን የሥራው እኩሌታ እንኳ አይሆንም። መጀመሪያ የዓሣ ቅርፊት የሚያካክሉ ቁርጥራጮች ከብረት ይቀጠቀጣሉ። አለዚያም ጥሬ ቁርበት በመዶሻ እየተደበደበ እንጨት እስኪመስል ይጠነክርና ከሱ ይቆረጣሉ። ይበሳሉ። የኡሩሺ ዛፍ ሙጫ ደጋግሞ ይቀባባቸዋል፤ ይህ ሙጫ ደግሞ እንደ ሌላው ነገር በፀሐይ አይደርቅም፣ እርጥብ ሳጥን ውስጥ ተዘግቶበት ነው የሚጠነክረው። በመጨረሻ ቅርፊቱ ሁሉ በሐር ገመድ ረድፍ በረድፍ ይሰፋል፤ የለበሰው ሰው እንዲጎነበስ፣ እንዲዞር፣ ፈረስ ላይ እንዲወጣ። ሐሩ የእኔ ነው፣ ስፌቱ የሪኩ። በሷ እጅ የተሰፋ ጥሩር ሰው ለብሶት ሲራመድ፣ የደረሰ የሩዝ ማሳ ነፋስ ሲነካው የሚያሰማውን ድምፅ ያሰማል።

የአምባው ጌታ ኩሬታኒ ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሩት። ሁለቱን ከወንዙ ማዶ ካሉት ጋር ስንዋጋ ቀበራቸው። የቀረው ትንሹ፣ የዐሥራ ሁለት ዓመቱ ሺገማሩ ነው። እሱ ደግሞ ደረቱን ያመዋል። በረዶ መጣል ሲጀምር ሳሉ ይነሳበትና ከንፈሩ እንደ እኔ ጣቶች ሰማያዊ ይሆናል። ሰው ፊት አይነሳም እንጂ፣ በሸለቆው ውስጥ "ይህ ልጅ ለዘር አይተርፍም" ያላለ አልነበረም።

በመኸር፣ ሩዙ ታጭዶ ሳያልቅ፣ ጌታው ያጎሮን አስጠራው።

"ለአዲስ ዓመት ልጄ በጭፍሮቼ ፊት ጥሩር ለብሶ ይቆማል" አለው። "ሙሉ ብረት ይሁን። አረር የማይበሳው።"

"ጌታዬ፣ አንዱን ብረት አንዱን ቁርበት እያፈራረቅኩ ብሠራው ይቀላል። የአያትዎም ጥሩር እንደዚያ ነበር።"

"በአያቴ ዘመን ጠመንጃ ነበር እንዴ?"

"አልነበረም።"

"እንግዲያውስ።"

ያጎሮ ወርዶ ወናፉን አስነሳ። የመዶሻው ድምፅ ሐሬን ስለቀልቅ ውዬ ሳመሽ ከጆሮዬ አይጠፋም ነበር። የደረቱን፣ የጀርባውንና የትከሻውን ብረት አውጥቶ እንደጨረሰ፣ ቅርፁን ለማየት ልጁ እንዲመጣለት ጠየቀ። ሺገማሩ ከሞግዚቱ ከሽማግሌው ጌንባ ጋር በበረዶ ውስጥ መጣ። ጌንባ በወጣትነቱ ስንቱን ጦርነት ያየ፣ አሁን ግን ጥርስ አልባ የሆነ ግዙፍ ሰው ነው። ልጁን ከፈረሱ ሲያወርደው እንደ ሸክላ ዕቃ ይይዘዋል።

እኔ የሐር ናሙና ይዤ እዚያው ነበርኩ። ያጎሮ ብረቱን በጊዜያዊ ገመድ እያሰረ አለበሰው። ልጁ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ፣ ቆመ፣ ሊዞር ሲል ሚዛኑ ጠፍቶት በጀርባው ተዘረረ። መጀመሪያ ሳቀ።

"ጌንባ፣ ዔሊ ስትገለበጥ ምን ታደርጋለች?"

"እግሯን ታወናጭፋለች ጌታዬ።"

አወናጨፈ። እኛም ሳቅን። ወዲያው ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ፊቱ ጠቆረ። ክንዱን መሬት ላይ ተክሎ ለመነሳት ሞከረ፤ አልቻለም። እንደገና ሞከረ። ጌንባና ሪኩ ደግፈው አነሱት። ብረቱ ሲወልቅለት የትከሻው ቆዳ ቀልቶ፣ ገመዱ ያረፈበት ቦታ ሰንበር አውጥቶ ነበር።

"ብዙ ሲለብሱት ይለምዱታል" አለ ያጎሮ።

"አልለምደውም። አንተም ታውቀዋለህ።" ልጁ ትንፋሹን ሰበሰበ። "አባቴ እንዳይሰማ። እሱ እኔን ሲያይ ወንድሞቼን ነው የሚፈልገው። ከኋላዬ የቆሙ ይመስል አሻግሮ ያያል።"

እነሱ ከሄዱ በኋላ ሪኩ ምድጃው ዳር ተቀመጠች። ኋላ እሳቱን እየቆሰቆሰች "በቁርበት ሥራው" አለች።

"ታመምሽ እንዴ? ጌታው አንድ ጊዜ በጣቱ ቢያንኳኳው አንገቴ የለም።"

"ሰው ሁሉ የሚያንኳኳው ደረት መሃል ነው። እዚያች ላይ ብረት አድርግባት።"

"ሪኩ፣ ጥሩር እኮ ነው። የበዓል ልብስ አይደለም።"

"ለዚህ ልጅ የበዓል ልብስ ነው። ማን ጦር ሜዳ ይወስደዋል? አንድ ቀን በሰው ፊት ሊቆም ነው፤ ይቁምና ደስ ይበለው። ሳዮ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?"

"እኔ ቀለም ነው የማውቀው" አልኩ። ግን ልቤ ከሷ ጋር ነበር፤ ያጎሮም ከፊቴ አነበበው።

ብረቱን በገለባ ጠቅልሎ ከሥራ ቤቱ ጥግ አስቀመጠውና የበሬ ቁርበት መደብደብ ጀመረ። ቁርበት ብረት እንዲመስል የሚደረግበት መንገድ አለ፤ የዝገት ዱቄት ከሙጫው ጋር ይቀላቀልና በእጅ መዳፍ እየተመታ ይቀባል። ያኔ ላዩ እንደ አሮጌ ብረት ሻካራ ይሆናል። ያጎሮ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ሲሠራ አይቼው አላውቅም። ሥራው አልቆ ሐሩን ላመሳክር ስሄድ የደረቱን ክፍል አነሳሁት። ዓይኔ ብረት ነው ብሎኝ ስለነበር ጉልበቴን አጠንክሬ ብድግ ሳደርገው እጄ ተስፈንጥሮ አገጬን ልመታ ምንም አልቀረኝም። ሪኩ አፏን ይዛ ሳቀች። ያጎሮ አልሳቀም።

የአዲስ ዓመት ዕለት የሸለቆው ሰው ሁሉ በአምባው ግቢ በበረዶው ላይ ቆምን። የጥሩሩን ሳጥን ተሸክሞ የወጣው ጌንባ ነበር። በያጎሮ አጠገብ ሲያልፍ ዓይኑን ሳያነሳ "ዛሬ ሳጥኑ ቀለለኝ፤ ጎልምሼ መሆን አለበት" አለው። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር ትንፍሽ አላለም።

ሺገማሩ ወጣ። ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ተራመደ፤ በአባቱ ፊት ተንበርክኮ እጅ ነሳ፤ ማንም ሳይደግፈው ተነሳ። ጌታው ከመቀመጫው ወረደና በያዘው ማራገቢያ የልጁን ደረት መታ አደረገው። ቀጭን የብረት ድምፅ ወጣ። ከዚያ ያ በሁለቱ ልጆቹ ቀብር ላይ ዓይኑ ያልረጠበ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ልጁ ግን ያጎሮን ነበር የሚያየው፤ ከጆሮ እስከ ጆሮ ፈገግ ብሎ።

በዚያ ብርድ ሺገማሩ ተሻለው ተባለ። ሩዙን ጨርሶ ይበላል፣ ከአባቱ ጋር ፈረስ ይጋልባል፣ ጥሩሩን ለብሶ በግንቡ ላይ ሲመላለስ ከታች እናየው ነበር። መድኃኒት አልነበረም ያዳነው። አባቱ ፊት ለፊት አይቶት ነው።

የዝናቡ ወራት እንደገባ ግን የማዶዎቹ የወንዙን መልካ ሊሻገሩ ተሰበሰቡ የሚል ወሬ መጣ። ጌታው ጭፍራውን ጠራ፤ ከየቤቱ ወንድ ወጣ። ልጁም በጌታው ነጭ ሰንደቅ ሥር ከአባቱ አጠገብ እንደሚቆም ታወጀ።

ያጎሮ የዚያን ዕለት መዶሻ አላነሳም። በማግሥቱ ሺገማሩ ሳይጠራ መጣ፤ ጌንባን በር ላይ አቁሞ ብቻውን ገባ።

"ልትናገር እንደሆነ አውቄያለሁ" አለው።

"ጌታዬ፣ ያ ጥሩር አረር አይመልስም። ፍላጻም ከቅርብ ቢመጣ እንጃ።"

"ይሁን።"

"እንዴት ይሁን ይባላል?"

"ብትናገር አባቴ ያ ቀን ውሸት እንደነበረ ያውቃል። የሄድኩት፣ የተነሳሁት ሁሉ። እንደ ድሮው ያየኛል።" ልጁ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ያጎሮ፣ እባክህ። እኔ አዝዤህ አላውቅም፤ አሁንም አላዝህም።"

ያጎሮ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ሰገደለት እንጂ ቃል አልሰጠውም። ልጁ ከሄደ በኋላ ንጹሕ ልብሱን አውጥቶ ለበሰ። ሪኩ ተው አላለችውም። ጌታው እውነቱን ቢያውቅ ልጁን ቤት ያስቀረዋል ብለን ሁላችንም አምነን ነበር። ያጎሮ አንገቱን ሊሰጥ ነው የወጣው፤ ሲመለስ የነገረን እንዲህ ነው።

ጌታው ጥሩሩን አስመጥቶ ያጎሮ እንደለመነው ደረቱን አንኳኳ። ብረት ነው። "አሁን ጎኑን" አለ ያጎሮ። ጎኑ እንደ ደረቀ ቅል ድምፅ ሰጠ። ትከሻው እንዲሁ። ጀርባው እንዲሁ።

"ቁርበት ነው" አለ ጌታው።

"ቁርበት ነው ጌታዬ። ብረቱን መሸከም አቅቷቸው በፊቴ ወደቁ። ስለዚህ እለምንዎታለሁ፣ እዚሁ ይቅሩ። የኔን ነገር እንደ ፈቃድዎ።"

"አዘንክለት ማለት ነው።"

"አዎ።"

"ለልጄ ማዘን የኔ ፈንታ ነው። የአንተ ሥራ ጥሩር መሥራት ነበር።" ጌታው አልጮኸም። በመስኮቱ በግቢው በር የተሰበሰበውን ጭፍራ አመለከተው። "እነዚያን ታያቸዋለህ? እያንዳንዱ ልጁን ይዞ መጥቷል። የመጨረሻ ልጁን ይዞ የመጣም አለ። የኔን ሰሌን ላይ አስተኝቼ የነሱን ውሃ ውስጥ ልማግድ? ነገ ማን ይከተለኛል?"

ያጎሮ በመስኮቱ አያቸው።

"ብረቱ የት ነው?"

"ቤቴ ነው ያለው።"

"በቁርበቱ ቦታ ስፋው። ከነገ ወዲያ እንወጣለን።"

"ጌታዬ፣ አይችሉትም።"

"ከፈረስ አይወርድም። ብረቱን የሚሸከመው ፈረሱ ነው። ስለ አንተ ስመለስ አስባለሁ።"

ሪኩ የራሷን ስፌት በቢላ ቆረጠች። እኔ ከቤት የቀረኝን ሐር ሁሉ አመጣሁ፤ ቀለሙ ከበፊቱ ጋር አልገጠመም፣ ማን ሊያየው። ሙጫው በሳጥን ውስጥ እስኪጠነክር ጊዜ ስላልነበረ ያጎሮ ብረቱን አግሎ በትኩሱ ቀባው። በችኮላ ጊዜ እንደዚያ ይደረጋል። ጭሱ ዓይናችንን አጠፋው፣ ሙጫው ቆዳ ይመርዛልና የሪኩ እጅ እስከ ክርኗ ሽፍታ አወጣ።

የመውጫው ዕለት ጠዋት ያለበሰችው ሪኩ ናት። ገመዱን ላላ አድርጋ ልታስር ስትል ልጁ "አጥብቂው" አላት። ጌንባ አቅፎ ፈረሱ ላይ አስቀመጠው። በያጎሮ ፊት ሲያልፍ ያጎሮ አጎነበሰ፤ ልጁ ግን ቀጥ ብሎ ወደ ፊት እያየ አለፈ።

የሆነውን ያወቅነው ከጌንባ ነው። ልጁ እውነትም ከፈረስ አልወረደም ነበር። ወንዙ በዝናቡ ሞልቶ ደፍርሷል። የኛ ሰዎች የማዶዎቹን ገፍተው እስከ መልካው መሃል ደረሱ፤ ከሸምበቆው ውስጥ ጠመንጃ ተተኮሰ፣ ሰው ተጋፋ፣ ፈረሱ ድንጋይ አዳልጦት በጎኑ ወደቀ። ሞልቶም እንኳ መልካው ላይ ውሃው የትልቅ ሰው ጉልበት ነው የሚደርሰው። ጌንባ አብሮ ወደቀ፤ ከላዩ ሰው ይረግጠዋል፤ እጁ ልጁን ያዘው፣ ሊያነሳው ሞከረ፣ ገመዱን ሊፈታ ሞከረ። የሪኩ ቋጠሮ ደግሞ ውሃ ሲነካው ይብስ ይጠብቃል።

"አንድ ጊዜ ፊቱን ከውሃው አወጣሁት" አለን ጌንባ፣ ምድጃችን ዳር ተቀምጦ። "አየኝ። ከዚያ እንደገና ተጋፉን።" ሌላ አልጨመረም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ራሱን ተላጭቶ ቤተ መቅደስ ገብቶ መነኮሰ።

የማዶዎቹ የዚያን ዕለት ወደኋላ ተመለሱ። አሸነፍን ተባለ።

ልጁ በተቀበረ በሳምንቱ ጌታው ራሱ ያጎሮ ቤት መጣ። ከአምባው በእግሩ ነበር የወረደው፤ ጌንባ ሳጥኑን ተሸክሞ፣ ጠመንጃ በትከሻው አንግቶ ይከተለዋል። ሪኩ ልታስተናግድ ስትነሳ በእጁ ከለከላት። ጥሩሩ ወጣ። ከጭቃ ጸድቷል፤ በስፌቱ ሥር ግን የወንዝ አሸዋ አለ።

"የጥይት ምልክት አለበት?" አለ ጌታው።

"የለበትም።"

"የፍላጻ? የጦር?"

"የለም ጌታዬ። አንድ ጭረት እንኳ የለበትም።"

ጌታው መሬት ላይ ተቀመጠ። ያጎሮ አንገቱን ዘርግቶ የተንበረከከው ቅጣቱን ሲጠብቅ ነበር። ጌታው ግን ስለ ቅጣት የመጣ አይመስልም።

"ይህ ጥሩር ከወንድሞቹ ጋር ቤተ መቅደስ ይሰቀላል። የሁለቱን አይተኸዋል፤ ቀዳዳቸው ይቆጠራል። የሱን የሚያይ ሰው ምን ይላል? የኩሬታኒ ልጅ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ሰጠመ ይላል።" ከጌንባ ትከሻ ላይ ጠመንጃውን ወሰደ። "እንጨት ላይ አስቁምልኝ።"

ከሥራ ቤቱ ጀርባ የቁርበት መወጠሪያው እንጨት ላይ አለበሱት። ጌታው ባሩዱን ራሱ ሞላ፣ ፈትሉን ለኮሰ፣ ራቅ ብሎ ተኮሰ። ጭሱ ሲገለጥ ሄደን አየን። አረሩ ደረቱ ላይ ተጠፍጥፎ እንደ ሳንቲም ወድቋል፤ ብረቱ ትንሽ ጎድጎድ ብሏል እንጂ አልተበሳም።

ቀረብ ብሎ ደገመ። ጎደጎደ፤ አልተበሳም።

ጌታው ጠመንጃውን አወረደና በጎድጓዳው ላይ ጣቱን አሳረፈ። "ጥሩ ብረት ነው" አለ። ደጋግሞ "ጥሩ ብረት ነው" አለ፤ ፊቱ ላይ ያየሁትን መናገር አልችልም። ያጎሮ በሕይወቱ ብዙ ሰው ሥራውን አመስግኖለታል። እንደዚያ ቀን ሲጎብጥ አላየሁትም።

በመጨረሻ ያጎሮ መብሻውን አመጣ። የጥይት ቀዳዳ ጠርዙ ወደ ውስጥ ነው የሚታጠፈው፤ ስለዚህ ከውጭ መምታት ነበረበት። ብረቱን በመቀጥቀጫው መስፍ ላይ በሁለት እጁ የያዘለት ጌታው ነው። ያጎሮ በልጁ ልብ ትይዩ መታ። ቀዳዳው ሲከፈት ጌታው አንዴ ብርሃን ላይ አንስቶ አየው፤ ከዚያ ሳጥኑ ውስጥ አስገባውና ሄደ። የቁርበቱን ነገር እስኪሞት ድረስ አንስቶት አያውቅም።

መኸር ሳይደርስ ሁለቱ ወገኖች ታረቁ። የኛ ጌታ የወንድም ልጅ ለማዶ ጌታ ታጨች፤ መልካው ላይ ዳስ ተጥሎ የሩዝ ጠጅ ተጠጣ። ሴቶች ቅርጫት ይዘው ወዲህና ወዲያ ይሻገሩ ጀመር። ያጎሮ አሁን ለተራ ወታደሮች ርካሽ ጥሩር ነበር የሚሠራው፤ ሪኩ እጇ ስላልዳነ ስፌቱን እኔ አግዛት ነበር።

አንድ ዝናባማ ቀን ሦስታችንም ሥራ ላይ ሳለን አንድ ሰው ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። የገለባ ካባው ውሃ ያንጠባጥባል፣ በእጁ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ዕድሜው ከያጎሮ አይበልጥም፣ ገበሬ እንደሆነ እጁ ያስታውቃል።

"ጥሩር ሠሪው ያጎሮ እርስዎ ነዎት? ኦቶማሱ እባላለሁ። ከማዶ ነኝ።"

"ግባ፣ ትበሰብሳለህ" አለችው ሪኩ።

ገባ፤ ግን ከበሩ አልራቀም። ቅጠሉን ፈታው፤ የደረቀ ካኪ ነበር፣ እንደ ተምር የሚጣፍጥ የዛፍ ፍሬ። "ከደጄ የበቀለ ነው። ባዶ እጄን መምጣት አፍሬ ነው።" ከዚያ ተንበረከከ። "ቤተ መቅደሱ ደርሼ ነው የመጣሁት። የልጁን ጥሩር አየሁት። ቀዳዳውን አየሁ።"

የምሰፋበትን ሐር አስቀመጥኩ።

"ጠመንጃ ይዘህ ሸምበቆ ውስጥ ግባ አሉኝ። ከዚያ በፊት ወፍ እንኳ ተኩሼ አላውቅም። ነጩ ሰንደቅ ብቅ ሲል ዓይኔን ጨፍኜ ተኮስኩ፤ አንዴ ብቻ ነው፣ ፈትሌን ዝናብ አጠፋብኝ። ዓይኔን ስገልጥ ከሰንደቁ ሥር የነበረው ፈረሰኛ የለም። ትልቅ ሰው መስሎኝ ነበር። የሳትኩም መስሎኝ ነበር። ኋላ ሰዎች ልጅ ነው፣ ደረቱን ተመትቶ ነው ሲሉ ሰማሁ። የኔም ልጅ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። አሁን እሱን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ሚስቴ ሂድና ይቅርታ ጠይቅ አለችኝ። ጌታው ዘንድ መግባት አልችልም። ቤተ መቅደሱ ውስጥ ያለው ጥርስ የሌለው ሽማግሌ መነኩሴ የሠራውን ሰው ጠይቅ አለኝ።"

ያጎሮ መዶሻውን አስቀመጠ፤ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

ሪኩ ቀደመችው። "ስማ ወንድሜ፣ ልጁ በሽተኛ ነበር። ደረቱን ታማሚ ነበር። ያን ዓመት አይዘልቅም ነበር።"

እሷ ልታቀልለት ነው። ሰውየው ግን እጁን አፉ ላይ ጫነ። "በሽተኛ ልጅ" አለ። "በሽተኛ ልጅ ነው የገደልኩት።"

ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ያጎሮ ሪኩን አየ፣ እኔን አየ። አንዴ እውነት ተናግሮ ምን እንዳመጣ እናውቃለን፤ ይህ እውነት ደግሞ የሱ ብቻ አልነበረም፣ የጌታውም ነበር። ቢሆንም ከተቀመጠበት ተነስቶ ሰውየው ፊት ተቀመጠ።

"ኦቶማሱ፣ ቀና በልና እየኝ። ያ ቀዳዳ ያንተ አይደለም። እኔ ነኝ የበሳሁት፤ በነዚህ እጆቼ፣ እዚያ መስፍ ላይ። ልጁን ጥይት አልነካውም። በብረቱ ክብደት ውሃ ውስጥ ቀረ። ብረቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። አንተ ስተሃል።"

ሰውየው ቀና ብሎ አየው። ፊቱ መፍታታት ጀመረ፤ እኔ አመነ ብዬ ነበር። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"መነኩሴው ስለ እርስዎ ደግ ሰው ናቸው ብሎኝ ነበር" አለ። "እንዲህ ያህል ደግ ናቸው አላለኝም።"

"ደግነት አይደለም። እውነቱን ነው የምነግርህ።"

"በገዛ ሥራዎ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ያወራሉ፣ እኔ እንድተኛ ብለው። ማን ያደርገዋል?" ግንባሩን መሬት አስነካ። "አልረሳዎትም። ግን ቀዳዳውን በጣቴ ነክቼዋለሁ። ጠርዙ ወደ ውስጥ ነው የታጠፈው።"

"ሳዮ፣ ንገሪው" አለኝ ያጎሮ።

"እውነቱን ነው" አልኩ። "ሦስታችንም እዚያ ነበርን።"

ኦቶማሱ ለኔም እጅ ነሳ፣ ለሪኩም። ሦስት ደግ ሰዎች መሃል የተቀመጠ ሰው ፊት ነበረው፤ አንድም ቃላችንን አላመነም። ሪኩ ሾርባ ልታሞቅለት ብትል መልካው ሳይሞላ ልሻገር ብሎ ተነሳ። ካባውን ደርቦ ወጣ። እስከ ጅረቱ ድልድይ ሦስት ጊዜ ዞሮ አጎነበሰልን፤ ከዚያ ዝናቡ ሸፈነው።

ያጎሮ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ሪኩ ካኪውን ከመሬት አነሳችና አንዱን ሰጠችው፤ ያዘው እንጂ አልበላውም።

"ነገ ማዶ ተሻግሬ ቤቱን ላፈላልገው?" አላት።

"ሄደህ ምን ልትለው?"

እንጃ አለ። ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ከውሃው ያወጣውን ቁርበት ጉማጅ ግንዱ ላይ ዘረጋና ይደበድበው ጀመር። እኔም ሐሬን ሰብስቤ ወደ ቤቴ ወጣሁ።